መድኃኒት ዕፅዋትን በዕለት ምግብና መጠጥ መጠቀም፦ ከአመራረጥ እስከ አዘገጃጀት

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቱ ዮዮ የተባሉ ቻይናዊት ተመራማሪ ለወባ ፍቱን የሚሆን ዕፅ ሲፈልጉ አርቴሚሲያ የተባለው ተክል ግራ አጋብቷቸው ነበር። ተክሉ አንዴ ይሠራል፣ አንዴ አይሠራም። በኋላ ከ4ኛው ክፍለ ዘመን የቆየ የቻይና ሕክምና ጽሑፍ ሲያገላብጡ ቅጠሉን በውሃ ዘፍዝፎ፣ ጨምቆ ጭማቂውን መጠጣት እንደሚገባ የሚናገር ምክር አገኙ። ስለማፍላት የተባለ ነገር የለም። ሙቀቱ ፍቱኑን ንጥረ ነገር እያጠፋው ይሆናል ብለው ጠረጠሩና ኢተር በተባለ በዝቅተኛ ሙቀት በሚፈላ ፈሳሽ አወጡት። የወባ መድኃኒቱ አርቴሚሲኒን የተገኘው በዚህ መንገድ ነው፤ ቱ ዮዮም እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ተሸለሙበት።

ይህ ሕግ ወጥ ቤት ውስጥም ይሠራል። ያው ቅጠል በአንዱ እጅ ይጠቅማል፣ በሌላው እጅ ሽታ አልባ ውሃ ይሆናል። ናናን ክዳን በሌለው ድስት ሲያንተከትኩት ዋናው ዘይቱ ከእንፋሎቱ ጋር ተንኖ ያልቃል። ዝንጅብልን ደግሞ ፈላ ውሃ ውስጥ ለሁለት ደቂቃ ነክረው ቢያወጡት ሥሩ የያዘውን ገና አልሰጠም። ስለዚህ የዚህ መመሪያ አብዛኛው ክፍል የሚያተኩረው የትኛው ዕፅ ለምን ይጠቅማል በሚለው ላይ ሳይሆን እንዴት ይሠራል በሚለው ላይ ነው።

አንድ ነገር ከመነሻው ግልጽ ይሁን። የዓለም ጤና ድርጅት የአርቴሚሲያን ሻይ ወባን ለማከምም ሆነ ለመከላከል መጠቀምን አይደግፍም፤ መድኃኒቱ የሚያድነው መጠኑ ተለክቶ ሲሰጥ ነውና። እዚህ የምንነጋገረው በምግብ መጠን፣ በየዕለቱ፣ ለጣዕምም ለጤናም ስለሚገቡ ዕፅዋት ነው። የታመመ ሰው ሕክምና ያስፈልገዋል፤ ሻዩ ከሕክምናው ጎን ይሆናል እንጂ ቦታውን አይወስድም።

1. በጥቂት ዕፅዋት ይጀምሩ

መደርደሪያ ሙሉ ዱቄትና ቅጠል ገዝቶ ግማሹን ማስረጀት የተለመደ ነው። የምመክረው ከየዕለት ፍላጎትዎ ተነሥተው አራት ወይም አምስት ብቻ እንዲመርጡ ነው።

ከምግብ በኋላ ሆድዎ የሚነፋ ከሆነ እንስላልና ናና ይበቁዎታል። ለማቅለሽለሽ ዝንጅብልን የሚስተካከል የወጥ ቤት ዕፅ የለም፤ በጥናት ከተፈተሹት መካከልም በማስረጃ ጠንከር ያለው እሱ ነው። ለሳልና ለጉሮሮ ጦስኝ ጥሩ ነው። ማታ ለመረጋጋት ብዙ ሰው ካሞሚል የተባለውን የአበባ ሻይ ይወዳል፤ እንቅልፍ ስለማምጣቱ ያለው ማስረጃ ቀጭን ቢሆንም ካፌይን የሌለው ሙቅ መጠጥ በመሆኑ ብቻ እንኳ ማታ ከሚጠጣ ቡና ይሻላል። ከርከዴ የደም ግፊትን በመጠኑ ዝቅ እንደሚያደርግ ታይቷል። ነጭ ሽንኩርት፣ እርድ፣ ሮዝመሪና በሶብላ ድስት ውስጥ የሚገቡ ናቸው።

ብዙዎች የሚዘነጉት ትልቅ ጥቅም አለ፦ ጨውና ስኳር መቀነስ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይመክራል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ጨው የቀነሰ ምግብ ግን አልጫ ይሆናል፣ ጣዕሙ ይደበዝዛል፣ ቤተሰቡም ያጉረመርማል። ነጭ ሽንኩርት፣ ጦስኝ፣ ቁንዶ በርበሬና ጥቂት ሎሚ የገቡበት ምስር ወይም ዓሣ በግማሽ ጨው ደስ ብሎ ይበላል። እኔ እንደማምነው በየቀኑ የሚበሉ ዕፅዋት ለጤና ከሚሠሩት ሥራ ትልቁ ይሄ ነው፤ ምንም ተአምር ሳይኖረው።

2. ሲገዙ ምን ማየት እንዳለብዎ

በተቻለ መጠን ያልተፈጨውን ይግዙ። ያልተፈጨ ቅመም ጠረኑን ከ2 እስከ 4 ዓመት ይይዛል፤ የተፈጨው ግን ዓመት ሳይሞላው ይዳከማል። ከዚያም በላይ ባዕድ ነገር የሚደባለቀው ብዙ ጊዜ ዱቄት ላይ ነው። እርድ ቢጫነቱ እንዲደምቅ እርሳስ ያለበት ቀለም ተቀላቅሎበት የተገኘባቸው ጊዜያት አሉ። ስለዚህ ሙሉውን የእርድ ሥር ገዝቶ ቤት መፍጨት፣ ካልሆነም ከሚታመን አቅራቢ መግዛት ይሻላል።

ቀረፋ ላይ በተለይ ዐይንዎን ይጣሉ። ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ወፍራም ልጥ ያለው፣ ጠንካራ፣ ከሁለት ጎን ወደ ውስጥ የተጠቀለለ፣ መልኩ ጠቆር ያለ ነው፤ ካሲያ ይባላል። ሌላው ብዙ ስስ ልጦች እርስ በርሳቸው ተጠቅልለው የሞሉት፣ በጣት ሲጫኑት የሚፈረፈር፣ መልኩ ፈካ ያለ ነው፤ ሲሎን ይባላል። ካሲያ ውስጥ ኩማሪን የተባለ ንጥረ ነገር በብዛት አለ፤ በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ጉበትን ሊጎዳ ይችላል። 60 ኪሎ የሚመዝን አዋቂ በየቀኑ የሚወስደው ካሲያ ከ2 ግራም ባይበልጥ ይመረጣል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ ዱቄት አይሞላም። አልፎ አልፎ ለሚጠቀም ሰው ችግር የለውም። በየቀኑ አጃው ላይ ቀረፋ የሚነሰንስ ግን ሲሎኑን ይፈልግ። ዱቄት ከሆነ በዐይን መለየት ስለማይቻል የማሸጊያውን ጽሑፍ ከማየት ሌላ መንገድ የለም።

ከዱር የሚለቅሙ ከሆነ በእርግጠኝነት የሚያውቁትን ብቻ ይልቀሙ። ፎክስግላቭ የተባለውን፣ ልብን የሚመርዝ ተክል ከሌላ የሻይ ቅጠል ጋር አሳስተው ለከባድ አደጋ የተዳረጉ ሰዎች አሉ፤ አበባ ሳያወጣ ቅጠሎቹ ስለሚመሳሰሉ ነው። ከመንገድ ዳርና ፀረ ተባይ ከሚረጭበት ማሳ አጠገብም አይልቀሙ።

3. ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ማስቀመጥ

ቅጠል የሚለቀመው ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ ተክሉም ሳያብብ ቢሆን ይመረጣል፤ ያን ጊዜ ጠረኑ ሙሉ ነው። በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቀው በንጹሕ ጨርቅ ላይ አንጠፍጥፉት።

ማድረቂያው ቦታ ጥላ፣ ነፋሻና ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልበለጠ ይሁን። ፀሐይ ላይ የተሰጣ ቅጠል ቶሎ ይደርቃል፤ ነገር ግን መልኩ ይገረጣል፣ ዘይቱም ይተናል። ስስ አድርገው ያስጡት፣ በየቀኑ ያገላብጡት። መድረቁን የሚያውቁት ቅጠሉ በጣት ሲታሽ ሲንኮታኮት፣ ዘንጉም ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ሲሰበር ነው። ዘንጉ ከተለመጠ ገና ነው፤ እንዲህ ሆኖ ዕቃ ውስጥ ከገባ ይሻግታል። የሻገተን ቅጠል ሙሉ በሙሉ ይጣሉት፤ የሻገተውን ለይቶ ቀሪውን መጠቀም አይገባም።

ከዚያ በደንብ በሚገጠም የብርጭቆ ዕቃ፣ ከምድጃ ርቆ፣ ብርሃን በሌለበት ያኑሩት። ስሙንና ቀኑን ይጻፉበት። የደረቀ ቅጠል በአማካይ ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ያገለግላል። ትንሽ በመዳፍዎ አሽተው ሲያሸቱት ጠረኑ ከጠፋ ጥቅሙም ሄዷል ማለት ነው።

መጠን ሲቀይሩ አንድ እጅ የደረቀ ቅጠል ሦስት እጅ እርጥቡን ይተካል። ሦስት የሾርባ ማንኪያ የተከተከተ በሶብላ የሚል አዘገጃጀት ካለዎት አንድ የሾርባ ማንኪያ ደረቅ ይበቃል።

4. በውሃ፦ መዘፍዘፍና ማንተክተክ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የሚይዙ ከሆነ ይህን ይያዙ፦ ቅጠልና አበባ ይዘፈዘፋሉ፤ ሥር፣ ልጥና ጠንካራ ፍሬ ይንተከተካሉ።

ለቅጠልና ለአበባ፣ ማለትም ለናና፣ ጦስኝ፣ ካሞሚል፣ በሶብላ፣ ውሃውን አፍልተው ከእሳት ያውርዱ። ለአንድ ትልቅ ስኒ ከ1 እስከ 2 የሻይ ማንኪያ የደረቀ ቅጠል ያድርጉ፤ ለካሞሚል አበባው ቀላል ስለሆነ አንድ የሾርባ ማንኪያ ያስፈልገዋል። ውሃውን አፍስሰው ወዲያው ይክደኑት። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይጠብቁ። ክዳኑን ሲያነሡ ከውስጥ በኩል ያቆረውን ጠብታ መልሰው ወደ ስኒው ያራግፉት፤ ያ ጠብታ ተንኖ የነበረው ዘይት ያለበት ነው። አንዴ አሽትተው ቢያዩት ለምን እንደምወተውት ይገባዎታል። ከ10 ደቂቃ በላይ ሲቆይ ብዙ ቅጠል ይመራል፤ ብርቱ መጠጥ ከፈለጉ ደቂቃውን ከማርዘም ቅጠሉን መጨመር ይሻላል።

እንስላል ፍሬ ቢሆንም ለየት ይላል። ጠረኑ በቀላሉ ስለሚተን ማንተክተክ አያስፈልገውም። አንድ የሻይ ማንኪያ ፍሬ በሙቀጫ ውስጥ ሸክሸክ አድርገው፣ ዱቄት ሳያደርጉት፣ ፈላ ውሃ አፍስሰውበት 15 ደቂቃ ይክደኑት። መሸክሸኩ ግድ ነው። ያልተነካ ፍሬ ዘይቱን አይለቅም፤ ቀድሞ የተፈጨው ደግሞ ለቆ ጨርሷል።

ለዝንጅብል፣ ለቀረፋ ልጥ፣ ለእርድ ሥርና ለቅርንፉድ ከቀዝቃዛ ውሃ ይጀምሩ። አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል በስሱ ከትፈው በሁለት ስኒ ውሃ ይጣዱት፤ ሲፈላ እሳቱን ቀንሰው፣ ከድነው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያንተክትኩት። ንጹሕ ከሆነ መላጥ አያስፈልግም። እርጥብ ዝንጅብልና የደረቀው አንድ አይደሉም፦ ሲደርቅም ሆነ ሲበስል በውስጡ ያለው ጂንጀሮል የተባለ ንጥረ ነገር ሾጋኦል ወደተባለ ሌላ ንጥረ ነገር ይለወጣል፤ ሾጋኦል ይበልጥ ያቃጥላል። ስለዚህ የደረቀ ዱቄት ሲጠቀሙ መጠኑን ያሳንሱ፤ ለአንድ ስኒ ሩብ የሻይ ማንኪያ ይበቃል።

ዝንጅብልን በወተት ለሚጠጡ አንድ ነገር ላሳይ። እርጥብ ዝንጅብል ፈቅፍቀው ለብ ባለ ወተት ላይ ቢጨምሩ ወተቱ ጥቂት ቆይቶ መቋጠር ይጀምራል፤ ዳር ዳሩ ላይ ፍርፋሪ ይታያል፣ ውሃውም ይለያል። ወተቱ ተበላሽቶ አይደለም። ዝንጅብል ውስጥ ያለ ፕሮቲን የሚፈጭ ኢንዛይም ነው ሥራውን የሠራው። መፍትሔው ቅደም ተከተል ነው፤ ዝንጅብሉን መጀመሪያ በጥቂት ውሃ 5 ደቂቃ ያፍሉት፣ ሙቀቱ ኢንዛይሙን ያጠፋዋል፣ ወተቱ ከዚያ ይግባ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድና አንድ ቁንጥር ቁንዶ በርበሬ ጨምረው ለ5 ደቂቃ በዝግታ ቢያሞቁት ጥሩ የማታ መጠጥ ይወጣዋል። ቁንዶ በርበሬው ለምን እንደገባ ትንሽ ቆይተን እናያለን።

ቀዝቃዛውን አይርሱ። ናና፣ ጠጅ ሣር ወይም ከርከዴ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፈው ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢያሳድሩት ጠዋት ላይ ምሬት የሌለው፣ ስኳር የማይፈልግ መጠጥ ያገኛሉ። አጥልለው በማግስቱ ይጨርሱት። ከርከዴ ኮምጣጣ ስለሆነ ለረጅም ሰዓት እየተጎነጩ መዋል ለጥርስ አይበጅም፤ በአንድ ጊዜ ጠጥቶ አፍን በውሃ መጉመጥመጥ ይሻላል።

ስለ ማጣፈጫ፦ በቀን አምስት ስኒ የዕፅዋት ሻይ በሁለት ሁለት ማንኪያ ስኳር የሚጠጣ ሰው ከጥቅሙ ይልቅ ጉዳቱ ያመዝንበታል። ቀስ በቀስ ይቀንሱ። የቀረፋ ልጥ፣ እንስላልና ሄል ያለ ስኳር የመጣፈጥ ስሜት ይሰጣሉ። ማር ለሳል ይረዳል፤ 12 ወር ላልሞላው ሕፃን ግን በምንም መልኩ አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የተባለውን ከባድ መመረዝ ሊያስከትል ይችላል።

መቼ መጠጣት እንዳለበትም ልብ ይበሉ። ናናና ካሞሚልን ጨምሮ ብዙ የዕፅዋት ሻዮች ከጥራጥሬና ከአትክልት የሚገኘው ብረት በአንጀት እንዳይወሰድ ያግዳሉ። ደም ማነስ ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡር ወይም ሥጋ የማይበላ ሰው ሻዩን ከምግብ ጋር ሳይሆን ከምግቡ አንድ ሰዓት ራቅ አድርጎ ይጠጣ።

5. በድስት፦ ቅባት፣ ሙቀትና ሰዓት

ነጭ ሽንኩርት ጠረኑን ያገኘው ሲቆረጥ ነው። ሳይነካ ያለ ፍልቃቂ አይሸትም። ቢላዋ ሲያገኘው አሊን የተባለው ንጥረ ነገርና አሊኔዝ የተባለው ኢንዛይም ይገናኛሉ፣ አሊሲን ይፈጠራል፤ ብዙው ጥቅም የሚነገርለት እሱ ነው። ሙቀት ኢንዛይሙን ወዲያው ይገድለዋል። ስለዚህ ነጭ ሽንኩርቱን ከሁሉ በፊት ይጨፍልቁትና ሌላውን እስኪከትፉ ድረስ 10 ደቂቃ ያህል ሰሌዳው ላይ ይተዉት። ከዚያ ድስት ውስጥ ቢገባም ቀድሞ የተፈጠረው የተወሰነው ይተርፋል። እንዲያውም ግማሹን ከሽንኩርቱ ጋር አቁላልተው ግማሹን ሊያወጡ ሲሉ ቢጨምሩ ጣዕሙም ሁለት ድርብ ይሆናል።

እርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን ውሃ ውስጥ አይሟሟም፣ ቅባት ውስጥ ግን ይሟሟል። ከዱቄቱ ክብደት ውስጥ 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ከዚያችም አንጀት የሚወስደው ጥቂት ነው። ቁንዶ በርበሬ ውስጥ ያለው ፒፐሪን ግን ሰውነት ኩርኩሚንን ቶሎ እንዳያስወግደው ያደርጋል። የወተቱ ነገር ይህ ነው፦ ቅባቱ ከወተቱ፣ ፒፐሪኑ ከቁንዶ በርበሬው። በድስትም እንዲሁ፣ እርዱን ዘይት ውስጥ በለስላሳ እሳት ለግማሽ ደቂቃ ያህል አቁላልተው፣ ሳያር፣ ሩዝ ወይም ምስር ይጨምሩበትና ሲወጣ ቁንዶ በርበሬ ይፍጩበት። ያረረ እርድ ይመራል፤ መልኩ ወደ ቡኒ ሲያዘነብል ከመሸ ነው። በክኒን መልክ የሚሸጠው ኩርኩሚን ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከፒፐሪን ጋር የተቀናበሩ ክኒኖች በአንዳንድ ሰዎች ላይ የጉበት ጉዳት ስላስከተሉ የምግቡን ልምድ ወደ ክኒን አያሻግሩት።

ስለ ሰዓቱ መለኪያው ቅጠሉ ራሱ ነው። ጠንካራ፣ መርፌ መሳይ ወይም የደረቀ ከሆነ ቀድሞ ይገባል፤ ስስ፣ ለስላሳና እርጥብ ከሆነ መጨረሻ ላይ። ሮዝመሪና ጦስኝ ከመነሻው ከሾርባው ጋር ይበስላሉ። በሶብላ፣ ናና፣ የድንብላል ቅጠልና ፓርስሊ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ይበተናሉ።

ሮዝመሪ ሥጋ ወይም ዶሮ በኃይለኛ እሳት ለሚጠብሱ ሰዎች ልዩ ጥቅም አለው። ሥጋ ሲጠበስና ሲያር የሚፈጠሩ፣ ለካንሰር ያጋልጣሉ ተብለው የሚጠረጠሩ ውህዶች አሉ። ሮዝመሪ ታሽቶበት የቆየ ሥጋ ላይ መጠናቸው ቀንሶ ታይቷል። ቅጠሉን ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዘይትና ከሎሚ ጋር ወቅጠው ሥጋውን አሽተው ማቀዝቀዣ ውስጥ ጥቂት ሰዓት ያቆዩት። ጥብስ ለሚወድ ቤት ከዚህ የቀለለ ልምድ አላውቅም።

6. የሚያጣብቁ ፍሬዎች፦ ተልባና አብሽ

ሁለቱም በውሃ ሲርሱ የሚያሟልጭ ነገር ያወጣሉ። ይህ የሚሟሟ አሰር ነው፤ ሆድ ድርቀትን ያስታግሳል፣ ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነትም ይቀንሳል።

ተልባ ሳይፈጭ ቢበላ አብዛኛው እንደገባ ይወጣል፤ ቅርፊቱ ጠንካራ ነው። ሲፈጭ ግን በውስጡ ያለው ኦሜጋ 3 ቅባት ለአየር ስለሚጋለጥ ቶሎ ጠረኑ ይለወጣል። ስለዚህ የሳምንት ያህል ብቻ ፈጭተው፣ ገጥመው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጡት። በቀን ከ1 እስከ 2 የሾርባ ማንኪያ ለአዋቂ በቂ ነው፤ እርጎ ወይም አጃ ላይ ይነስንሱት። ለእያንዳንዱ ማንኪያ ቢያንስ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይጠጡ፤ ያለ በቂ ውሃ ድርቀቱን ያባብሰዋል። መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ በመካከሉ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ልዩነት ይኑር፤ የሚያሟልጨው ነገር መድኃኒቱን ያዘገየዋል።

አብሽ መራራ ነው። ሌሊት ዘፍዝፈው ያደረበትን ውሃ ቢደፉት ምሬቱ ይቀንሳል። አብዝቶ የሚወስድ ሰው ላቡና ሽንቱ ጣፋጭ ጠረን ሊያመጣ ይችላል፤ አያስደነግጥም። ለኦቾሎኒ ወይም ለሽምብራ አለርጂ ያለበት ሰው ግን አብሽም ሊያስቆጣው ስለሚችል ይጠንቀቅ። የስኳር መድኃኒት የሚወስድም አብዝቶ ቢጨምርበት ስኳሩ ከሚፈለገው በታች ሊወርድ ይችላል።

7. ለሌላ ቀን ማቆየት

ሊገድል የሚችል ስህተት ያለው እዚህ ነው። ነጭ ሽንኩርት ወይም እርጥብ ቅጠል ዘይት ውስጥ ነክሮ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ አደገኛ ነው። ከአፈር የመጣ የቦቱሊዝም ባክቴሪያ ዘር አየር በሌለበት፣ አሲድ ባነሰበትና ክፍል ሙቀት ባለው ዘይት ውስጥ ይበቅልና መርዙን ያመነጫል። ሽታው አይለወጥም፣ ጣዕሙም አይለወጥም። እ.ኤ.አ. በ1985 በካናዳ ቫንኩቨር 36 ሰዎች የተመረዙት ዘይት ውስጥ ተቀምጦ በነበረ የተከተከተ ነጭ ሽንኩርት ነው። ስለዚህ በዘይት የሚያዘጋጁት ሁሉ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጥ፣ በ4 ቀን ውስጥ ይለቅ፤ የቀረው ይጣል። ብዙ ማቆየት ከፈለጉ ቅጠሉን ከትፈው ከዘይት ጋር በበረዶ መሥሪያ ጉድጓዶች ውስጥ ያቀዝቅዙት። ጠዋት አንዷን አውጥቶ ድስት ላይ መጣል ነው፤ በሶብላ በዚህ መንገድ ከደረቀው በብዙ የተሻለ ጠረን ይይዛል።

ኮምጣጤ ከዘይት ይልቅ አይቸግርም፤ አሲድነቱ 5 በመቶ ከሆነ ባክቴሪያው አያድግበትም። ታጥቦ በደንብ የደረቀ ጦስኝ ወይም ሮዝመሪ ጨምረው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ያቆዩና አጥልለው ለሰላጣ ይጠቀሙበት።

8. ማን ይጠንቀቅ?

አዲስ ዕፅ ሲጀምሩ አንድ በአንድ፣ በትንሹ፣ ለጥቂት ቀናት እያዩ ይሁን። አምስቱን ባንድ ላይ ጀምረው ሰውነትዎ ቢቆጣ የትኛው እንደሆነ አያውቁም።

ደም ማቅጠኛ፣ በተለይ ዋርፋሪን፣ የሚወስዱ ሰዎች በምግብ ውስጥ የሚገባ መደበኛ መጠን ብዙም ባያስጨንቃቸውም በብዛት የሚወሰድ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ እርድና ካሞሚል ደም መፍሰስን ሊያባብስባቸው ይችላል። ፓርስሊን የመሰለ አረንጓዴ ቅጠል ደግሞ ቫይታሚን ኬ ስላለው የመድኃኒቱን ሥራ ይቃረናል፤ የሚበሉትን መጠን ዛሬ ብዙ ነገ ምንም አያድርጉት። ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁ ከሆነ ከምግብ በላይ የሆነ የዕፅዋት አወሳሰድን ከ2 ሳምንት በፊት ስለማቆም ሐኪምዎን ያማክሩ።

ፔፐርሚንት የተባለው የናና ዓይነት የሆድ ጡንቻን ስለሚያፍታታ ለቁርጠት ይረዳል፤ በዚያው ምክንያት የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ የሚመለስበትን ሰው ቃሩን ያብስበታል። እንዲህ ዓይነት ሰው በምትኩ ካሞሚል ይጠጣ። ካሞሚል ግን ከአደይ አበባና ከሱፍ ቤተሰብ ስለሆነ የእነዚህ የአበባ ብናኝ አለርጂ ያለበት አይቅረበው። የሐሞት ጠጠር ያለበት ሰው እርድን ከማብዛቱ በፊት ይጠይቅ። የታሸጉ የሻይ ቅልቅሎች ላይ ሊኮሪስ የሚል ቃል ካገኙና የደም ግፊት ካለብዎ ይተዉት፤ ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ፖታሲየምን ያወርዳል። ሴንት ጆንስ ወርት የሚል ካዩ ከማንኛውም መድኃኒት ጋር ሳይጠይቁ አይጀምሩ፤ የእርግዝና መከላከያንና የኤች አይ ቪ መድኃኒትን ጨምሮ የብዙ መድኃኒቶችን ኃይል ያዳክማል።

ነፍሰ ጡር እናቶች ለማቅለሽለሽ ዝንጅብልን በምግብ መጠን መውሰድ ይችላሉ፤ በቀን 1 ግራም ያህል የደረቀ ዝንጅብል በጥናት የተሞከረው መጠን ነው። ጤና አዳምን ግን ጨርሶ ይተዉት፤ ለፅንሱ አደገኛ ነው። ሴጅ የተባለው ቅጠልና አብሽም ምግብ ላይ ከሚነሰነስ ጥቂት መጠን አይለፉ። ጤና አዳም የሚነካካ ማንኛውም ሰው እጁን ሳይታጠብ ፀሐይ ላይ ባይወጣ ደግ ነው፤ ጭማቂው ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳን ያቃጥላል፣ ውሃ ያስቋጥራል። ለሕፃናት የትኛውንም የዕፅዋት ሻይ ሐኪም ሳይጠይቁ አይስጡ።

ቆዳ ላይ ሽፍታ፣ የከንፈር እብጠት ወይም የትንፋሽ ማጠር ከታየ መጠጡን አቁመው ወዲያው ወደ ሕክምና ይሂዱ። የዐይን ቢጫ መሆን ወይም የሽንት መጥቆር የጉበት ምልክት ሊሆን ስለሚችል ውለው አይደሩ። ሐኪም ዘንድ ወይም ፋርማሲ ሲሄዱም በየቀኑ የሚወስዱትን ዕፅ ስም፣ በስንት ማንኪያና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጽፈው ከመድኃኒቶችዎ ጋር ያሳዩ፤ ብዙ ሰው ሻይ ነው ብሎ ስለማይናገር ሐኪሙም አይጠይቅም።